«እርጅና ነው» የበሽታ ስም አይደለም

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ኮረብታ ነው። እቴጌይቱ ልጃቸውን አፄ ኢያሱን ከቀበሩና የልጅ ልጃቸው አፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ በስተርጅና የተጠጉት ወደዚሁ ነበር። ጧሪ ያጡ አረጋውያን ዛሬም በጎንደር አድባራት ደጃፍ ይጠጋሉ።

አዛውንት ሲገቡ ብድግ የምንል ሕዝብ ነን። «ሽምግልና» የሚለው ቃላችን ዕድሜንም ዳኝነትንም አጣምሮ ይዟል። (ለእናቶች የተረፈው «አሮጊት» የሚለው መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።) ይሁን እንጂ አያታችን ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ሲሳናቸው፣ ቀጥሎም ግድግዳ እየዳበሱ መሄድ ሲጀምሩ፣ «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን።

ብዙውን ጊዜ ግን የዓይን ሞራ ነው። የዓይናችን ሌንስ በፕሮቲን የተሞላ ሲሆን፣ ፕሮቲኖቹ ከዕድሜ ብዛት ቅርጻቸውን አጥተው እርስ በርስ ሲጣበቁ ሌንሱ ይደፈርሳል፤ ብርሃንም በአግባቡ አያልፍም። ሕክምናው የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ በሰው ሠራሽ መተካት ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ይፈጃል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደ ብሔራዊ ጥናት እንዳሳየው፣ በአገራችን ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መንስኤው ይኸው ሞራ ነው።

እንግዲህ ወንበር የምንለቅላቸውን ሰዎች በጨለማ እያስቀመጥን አክባሪዎች ነን ማለታችን ያሳፍረናል። ጎንደር የጤና ባለሙያ ማሠልጠን ከጀመረች ከ70 ዓመት በላይ ሆኗታል። ከቁስቋም እስከ ሆስፒታሉም ሩቅ አይደለም፤ የጠፋው አያቱን እጃቸውን ይዞ የሚወርድ የልጅ ልጅ ነው።