ዋስ የሌለው ማስረጃ

የጎጃም ልጅ ክርክር የሚማረው ኮሌጅ ገብቶ አይደለም። የድንበር ነገር፣ የውሃ ተራ፣ የዕድር ቅጣት፣ የባልና የሚስት ጠብ፣ ሁሉም የሚያልቀው ዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጡ ሽማግሌዎች ፊት ነው። ከብት የሚጠብቀው ልጅም ቢሆን ጆሮው እዚያ ነው። ማን በየትኛው ነጥብ እንደተረታ፣ የማን ምስክር እንደተሰናከለ፣ ማታ እሳት ዳር ሲወራ ይሰማል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የጽሕፈት ትምህርት ሳስተምር «አሳማኝ ጽሑፍ» የሚለው ምዕራፍ ለእነዚህ ልጆች ዳገት ሊሆን አይገባም ነበር።

ወረቀታቸው ላይ ግን ያ ሁሉ የለም። ምሳ ሰዓት ላይ የሻይ ሒሳብ ማን ይክፈል በሚል ጓደኛውን አፍ አፉን ይዞ ያስከፈለ ወጣት፣ እስክሪብቶ ሲያነሳ «እንደሚታወቀው ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው» ብሎ ይጀምራል። ከታወቀማ ለምን ይጻፋል? ቀጥሎ «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ»፣ «በመጨረሻም» ይመጣሉ፤ መደምደሚያው መግቢያውን ይደግማል። ሰዋስዉ ደህና ነው፣ አንቀጾቹም ልክ ናቸው፤ ማንንም ግን አያሳምንም። የእንግሊዝኛው ጣጣ እንዳለ አውቃለሁ። በአብዛኞቹ ኮሌጆቻችን የጽሕፈት ኮርስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጁ ግማሹን ጉልበት ቃል ፍለጋ ላይ ይጨርሰዋል። ሆኖም በአማርኛም አስጽፌያቸው አይቻለሁ፤ ያው «እንደሚታወቀው» ነው።

ልዩነቱ ያለው ባላጋራው ላይ ይመስለኛል። ዛፉ ሥር ባላጋራ ከፊት ለፊት ቆሟል። ወረቀት ላይ ማንም የለም፤ ያለው መምህሩ ብቻ ነው፣ እሱም ነጥብ ሊሰጥ እንጂ እምቢ ሊል አልተቀመጠም።

የድሮው ሙግት ይህን በደንብ ያውቅ ነበር። በላ ልበልሃ የሚባለውን ሥርዓት ዛሬ የምናየው በመድረክ ላይ ነው። በ1950ዎቹ ዘመናዊዎቹ የሥነ ሥርዓት ሕጎች ሲወጡ ቦታውን ለጽሑፍ ክስና ለጽሑፍ መልስ ለቀቀ። መድረኩ የሚያሳየን ዱላው ሲወዘወዝ፣ ኩታው ሲጣል፣ ቃሉ እንደ ግጥም ሲንዥቀዥቅ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ወገኑ ነው። ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ነገሩ «በል» እና «ልበልህ» ነው፤ ጥያቄና መልስ። «ተጠየቅ!» የተባለ ሰው ለተጠየቀው ካልመለሰ የአንደበቱ ማማር ብዙ አያስኬደውም። ተሟጋች በነጥቡ ላይ ይወራረድም ነበር፤ ማር ወይም በቅሎ ያስይዛል። ለወሬ ደግሞ በቅሎ የሚያስይዝ የለም። ተማሪዎቼን «በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ በቅሎ ታስይዛላችሁ?» ስላቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ እስክሪብቶ ያነሳሉ፣ ከዚያ ይሰርዛሉ። ግማሽ ገጽ የሚሰርዝ አለ።

በኮርሱ ውስጥ ዋናው ሥራ የሌላውን ሰው ክርክር እንደ ሥጋ መበለት ነው። ብልቶቹ የትኞቹ ናቸው? እዚህ ላይ የማነሳው ስቲቨን ቱልሚን የተባለውን እንግሊዛዊ ፈላስፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ክርክርን ለመመርመር አርአያ ያደረገው ሒሳብን ሳይሆን የፍርድ ቤት ሙግትን ነው፤ የእኛን ሽማግሌዎች ቢያይ ደስ ባለው ነበር። እሱ እንደሚለው ክርክር አቋምና ማስረጃ ብቻ አይደለም። ማስረጃውን ከአቋሙ ጋር የሚያገናኝ፣ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀር ሦስተኛ ነገር አለ። እኔ በክፍል ውስጥ «ዋስ» እለዋለሁ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። «ዘንድሮ የቡሬ በርበሬ ይወደዳል» አቋም ነው። «ዝናቡ ዘግይቷል» ማስረጃ ነው። ዋሱ ያልተነገረው ነው፤ ዝናብ ሲዘገይ ምርት ያንሳል፣ ምርት ሲያንስ ዋጋ ይወጣል። ነጋዴው «የማረቆው በርበሬስ?» ብሎ ቢጠይቅ ዝናቡ ዘገየ አልዘገየ የሚለውን አልተከራከረም፤ የያዘው ዋሱን ነው። ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሲጠየቅ ማስረጃ ይጨምራል፤ ዝናቡ በምን ያህል ቀን እንደዘገየ ይቆጥራል። ዋስ አምጣ የተባለ ሰው ምስክር ቢደረድር ምን ይጠቅመዋል?

ይህን ለማስረዳት ከዚሁ ከጎጃም ታሪክ የተሻለ አላገኘሁም። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አወጀ። ክርክሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነበር፦ ግብሩ የሚጣለው በመሬቱ ላይ ሳይሆን ከመሬቱ በሚገኘው ገቢ ላይ ነው፣ ስለዚህ ርስት አይነካም። የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ ግን ያየው አዋጁን ሳይሆን ገማቹን ነው። ዛሬ ሊገምት የመጣ ነገ ሊለካ ይመጣል፣ የለካ ደግሞ ይወስዳል ብሎ ጠረጠረ። መንግሥት ርስቱ እንደማይነካ ቢናገርም፣ ለቃሉ ዋስ መሆን የነበረባቸው ገበሬው የማያምናቸው ሹማምንት ነበሩ። ጦር ዘመተ፣ ሰው ሞተ። በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ከቦታው ተነሡ፤ መንግሥትም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ማን ልክ ነበር የሚለው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለክፍላችን የሚበቃው፣ በሕጉ ፊደል ሲታይ ምንም ያልጎደለው ክርክር በዋሱ መውደቁ ነው።

ለዚህ ስል ተማሪዎቼ ለፋሲካ ወደየቤታቸው ሲሄዱ የምሰጣቸው ሥራ ነበር። በእንግሊዝኛ የጻፉትን አሳማኝ ጽሑፍ፣ ነገሩ ለሚመለከተው አንድ ሰው በአማርኛ ያነቡለታል፤ ሰውየው ያለውን ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ጽፈው ይመለሳሉ። አንዱ ስለ ተስካር ወጪ የጻፈውን ለአያቱ አንብቦ «የኔን ልትነፍገኝ ነው?» ተብሎ መጣ። ሌላው የሚያነብለት ሰው አጥቶ ተመለሰ፤ ጽሑፉ ማንን እንደሚመለከት አላወቀም። እሱም አንድ ትምህርት ነው።

የማልረሳው ግን የአንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪን ነው። ቤተሰቦቿ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ጽሑፏ «ገበሬዎች የእህል መሬታቸውን በባሕር ዛፍ መሸፈን ማቆም አለባቸው» የሚል ነበር። በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ በቆሎና ዳጉሳ ይበቅልበት የነበረው ማሳ ከዓመት ዓመት ዛፍ ሆኗል። ሦስት ምክንያት አቅርባ ነበር። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጨርሳል፣ አፈር ይጎዳል፣ የምግብ እህል ያሳንሳል። ማስረጃዋ ቤታቸው አጠገብ የነበረው ምንጭ መድረቁ ነው። መደምደሚያዋ ላይ ደግሞ «አርሶ አደሩ የግንዛቤ እጥረት አለበት» የሚል ነበረበት። በኮርሱ መመዘኛ ጥሩ ውጤት የሚያሰጥ ጽሑፍ ነው።

አባቷ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ ያሉትን እንዲህ ጽፋ አመጣች፦

«ጥሩ አድርገሽ አነበብሽ፣ ልጄ። ምንጩ የደረቀው ግን ላይ ሰፈሮች በሞተር ውሃ መሳብ ከጀመሩ ወዲህ ነው። ባሕር ዛፉማ አንቺ ሳትወለጂም ነበር። በቆሎ ዝራ ካልሽኝ የማዳበሪያውን ከየት ላምጣ? በቆሎ ማዳበሪያ ካላገኘ አገዳ ነው። ማን ይኮተኩተዋል? ሁላችሁም ትምህርት ቤት ናችሁ። ዛፍ አረም አይል፣ ጉልጓሎ አይል፤ ቆርጬ ብሸጠው ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አምና የቤት ኪራይሽን የከፈልነው በእሱ ነው። ግንዛቤ ይጎድለዋል ብለሻል፤ እስቲ የጎደለኝን ንገሪኝ።»

ልጅቷ ይህን ለክፍሉ ስታነብ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በአባቷ መዋረዷ አልነበረም ያሳዘናት፤ የቤት ኪራዩ ነው። አንዱ ጓደኛዋ ሊያጽናናት ብሎ «ያልተማረ ሰው ምን ታደርጊዋለሽ» አለ። እዚህ ላይ ስለ ጉዱ ካሣ አነሳሁላቸው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ የምናልፋት ማንኩሳ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነሳባት አገር ናት። በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ ጉዱ ካሣ ስለ ሥርዓቱ የሚናገረው በአብዛኛው ልክ ነው። ሰዎቹ ግን ጉዱ ብለው ሰየሙትና መስማቱን ተዉት። ጥፋቱ የሰሚዎቹ ነው ብሎ ለጉዱ ካሣ መሟገት ይቻላል፤ እኔም እሟገትለታለሁ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ግን ያን ማዕረግ በመጀመሪያ ድርሰቱ ባይወስድ ይሻላል።

ከዚያ ሁለቱንም ክርክሮች፣ የልጅቷንም የአባትየውንም፣ ሰሌዳ ላይ በለትናቸው። የምንጩ ነገር ቶሎ ወደቀ። አንድ ነገር ከሌላው በኋላ መምጣቱ በሌላው ምክንያት መምጣቱን አያሳይም፤ የሎጂክ ኮርስ የወሰደ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ የራሱ ምንጭ ሲደርቅ ግን ይረሳዋል። ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ መጠጣቱ አይካድም። የዚያን ምንጭ ውሃ የጠጣው እሱ ነው ለማለት ግን ከሞተሩ መለየት ያስፈልጋል። አባትየውም ከምርመራው አላመለጡም። «አንቺ ሳትወለጂም ነበር» ያሉት ዛፍ በአጥሩ ዙሪያ የነበረው ነው ወይስ ዛሬ ማሳውን የሸፈነው? ያኔ ምን ያህል ነበር? እዚህ ላይ ልጅቷ ቀና አለች፤ ያኔ ከጓሮ ያለፈ ዛፍ እንዳልነበረ ከእናቷ ሰምታለች።

የማዳበሪያው፣ የጉልበቱና የኪራዩ ነገር ግን አልወደቀም። ሦስቱም እውነት ናቸው፣ በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ አንዳቸውም የሉም። «ግንዛቤ» የምትለዋን ቃል ራሷ ሰረዘቻት። በእኔ ግምት ይህች ቃል በአገራችን ሪፖርቶች ውስጥ የምትገባው ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው የሰውየውን ምክንያት ሳይጠይቅ ሲቀር ነው።

ሁለተኛው ረቂቋ አጭር ነው፣ እንደ መጀመሪያውም አያምርም። «ገበሬዎች» የሚለው ጠፍቶ «አባዬ» ሆኗል። አቋሙም ጠቧል፦ ዳገቱ ላይ ያለው ዛፍ ይቆይ፤ ከታች ያለው ጥማድ ግን በሚቀጥለው ሲቆረጥ ጉቶው ተነቅሎ ለበርበሬ ይመለስ። የጉቶ ነቀላውን ድካም አልደበቀችም፣ በክረምት ዕረፍት ከወንድሟ ጋር መጥተው እንደሚያግዙ ጻፈች። ለማስረጃ የወሰደችው ምንጩን ሳይሆን አባቷ በየቀኑ የሚያዩትን ነው፤ ከዛፉ ጥግ ያለው የበቆሎ ተርታ ከመሐሉ አጥሮ፣ ቀጥኖ፣ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ዋስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ዋሱ እሳቸው ናቸው።

ልጃችን ኮሌጅ ገብቶ አፉ በዛ የሚሉ ወላጆች ያጋጥሙኛል። እኔ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። ልጁ የጻፈውን ይዞ ሲመጣ፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ በራሳችሁ ቋንቋ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት። ፊደሉን ተዉለት፤ «ይህን እምቢ የሚል ሰው ማን ነው? ምን ብሎ ነው እምቢ የሚለው?» በሉት። መልስ ካጣ ጽሑፉ ገና ነው። «እኔ አባትህ ነኝ» የሚለውም ዋስ ነው፣ አልክድም፤ ነገር ግን በየቀኑ የተጠራ ዋስ መታመኑ ይቀንሳል። በድሮው ችሎት አስተያየት ሲሰጥ ከታናሹ ይጀመር ነበር፤ ታላቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የልቡን አይናገርምና። እሑድ ምሳ ላይ ብትሞክሩት አትጎዱም።

ልጅቷ ሁለተኛውን ረቂቅ ለአባቷ ያነበበችው በሰኔ ነው። አባትየው «እስቲ የበርበሬውን እናያለን» አሉ፣ ሌላ ቃል አልሰጧትም። በማግስቱ ግን አንድ ደብተር አምጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። የጎረቤታቸው ባሕር ዛፍ ድንበር ላይ ቆሞ ማሳቸውን አጥልቶባቸዋል፤ ለቀበሌው ማመልከቻ እንድትጽፍላቸው ፈለጉ። እሷም እስክሪብቶውን ሳታነሳ «ጎረቤታችን ምን ይላል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ምን ይላል፣ ስተክለው አይተህ ዝም ብለሃል ይላል።»

«እውነት ነው?»

ትንሽ ዝም አሉ። «እውነት ነው» አሉ።

«እንግዲያው ከዚያ እንጀምር» አለችና ደብተሩን ገለጠች።