ጎተራ የሌለው ገዳም

ዋት ፓ ፖንግ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1954 በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ በኡቦን ራቻታኒ፣ ወባ በበዛበት ጫካ ውስጥ ነው። መሥራቹ አጃን ቻ በ1918 እዚያው አካባቢ ተወልደው፣ ለዓመታት በእግራቸው ሲዞሩ ኖረው በትውልድ መንደራቸው ጥሪ የተመለሱ መነኩሴ ነበሩ። «ፓ» በታይኛ ጫካ ማለት ነው። በግእዝ «ገዳም» ምድረ በዳንም ስለሚያመለክት፣ ቃሉ ለዚህ ቦታ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል።

የገዳሙን መስፋፋት ብዙዎች ከአጃን ቻ የማስተማር ችሎታ ጋር ያያይዙታል። ችሎታው አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ማብራሪያው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። የተመስጦው ዘዴም ቢሆን ትንፋሽን መከታተልና ቀስ ብሎ እየተመላለሱ መራመድ ነው፤ ከጥንት የነበረ። ገዳሙን ያሳደገው ይልቁንም የማያፈናፍን የሚመስለው ሥርዓቱ ነው። መነኩሴው በሚጠብቃቸው 227 ድንጋጌዎች መሠረት ገንዘብ አይቀበልም፣ መሬት አይቆፍርም፣ ምግብ አያከማችም፣ ከቀትር በኋላ አይበላም። ስለዚህ ማለዳ በባዶ እግሩ፣ ጎድጓዳ የብረት ሳህኑን ይዞ ወደ መንደር ይወጣል፤ ገበሬዎቹም ከየደጃፋቸው ተጣባቂውን ሩዝ በእጃቸው እየቆነጠሩ ይጨምሩለታል። የሚያበላው መንደር ከሌለ ገዳሙ አንድ ሳምንት አያድርም። የሚጠራው መንደር ከተገኘ ግን ጫካና ጥቂት ጎጆ ይበቃዋል።

የ1975ቱ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። የብረት ሳህን እንዳይዝግ በእሳት መተኮስ አለበት፤ ለዚህ ማገዶ ፍለጋ የአጃን ቻ ምዕራባውያን ደቀ መዛሙርት የሆኑ መነኮሳት ቡንግ ዋይ ከሚባል መንደር አጠገብ ወዳለ ጫካ ሄዱ። የመናፍስት ማደሪያ ነው ተብሎ የሚፈራ፣ ሬሳ የሚቃጠልበት ቦታ ነበር። የመንደሩ ሰዎች እንዲቆዩ ለመኗቸው፤ ዋት ፓ ናናቻት፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የጫካ ገዳም፣ በአሜሪካዊው አጃን ሱሜዶ አበምኔትነት ተከፈተ።

ከባዱ ፈተና ለንደን ነበር። በ1977 ወደዚያ ሄደው የቀሩት የአጃን ቻ ደቀ መዛሙርት ምጽዋት የሚሰጣቸው ባይኖርም በየማለዳው ሳህናቸውን ይዘው መውጣታቸውን አላቆሙም። አንድ ቀን ሃምፕስቴድ በሚባለው ሜዳ ላይ ስፖርት ለመሥራት የሚሮጥ ሰው አነጋገራቸው። ሳህኑ ውስጥ የጨመረው ነገር የለም፤ በኋላ ግን በሱሴክስ የነበረውን ጫካ ሰጣቸው። በ1979 ከጫካው አጠገብ ያለው ቺትኸርስት የተባለ የፈራረሰ ቤት ተገዛ፤ የገዛውም የምእመናኑ ማኅበር ነው፤ መነኮሳቱማ ገንዘብ አይነኩም። ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቀለብ ቢጠብቁ ኖሮ ያን ሰው ማን ያገኝላቸው ነበር?

ሁሉም በመምህሩ ሰውነት ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ በ1980ዎቹ መክሰም ነበረበት። አጃን ቻ በሕመም ምክንያት አካላቸው ሽባ ሆኖ፣ አንደበታቸውም ተዘግቶ እስከ 1992 ዕረፍታቸው ድረስ አሥር ዓመት ገደማ ተኝተዋል። እንግሊዝ ውስጥ አማራቫቲ፣ በምዕራብ አውስትራሊያ ሰርፐንታይን ላይ ደግሞ ቦዲንያና የተባሉት ገዳማት የተከፈቱት ግን በእነዚሁ ዝምታ በነገሠባቸው ዓመታት ነው።

ይኸው ሥርዓት የማዕከሉንም ሥልጣን ይገድባል። በ2009 የቦዲንያና አበምኔት አጃን ብራህም ፐርዝ አቅራቢያ ሴቶች ሙሉ ምንኩስና ሲቀበሉ በሥርዓቱ ስለተሳተፉ፣ በዋት ፓ ፖንግ የተሰበሰቡ መነኮሳት ቦዲንያናን ከቅርንጫፍነት ሰረዙት። ስሙ ከመዝገብ ወጣ፤ የፐርዝ ምእመናን ግን ምግብ ይዘው መምጣታቸውን አልተዉም፤ ቦዲንያናም አልተዘጋም።