ቡድን አለን በሰማይ፣ ጨዋታውንም አናይ!

«ትንሽ ከተማ ትልቅ ቡድን መያዝ አትችልም» የሚል ፈሊጥ ከመጣ ሰነባብቷል። አዲስ አበባ ተቀምጠው ስፖርት የሚተነትኑ ሊቃውንት ይሉታል። የክልልና የከተማ ሹማምንት በጀት ሲያጥራቸው ይሉታል። ይባስ ብሎ እኛው፣ ከኳሱ ጭብጨባው ብቻ የተተወልን የክፍለ ሀገር ሰዎች፣ ተቀብለን እናስተጋባዋለን። እኔ የደብረ ታቦር ሰው ነኝ፤ ይህን ፈሊጥ አልቀበልም። የገደለን ትንሽነታችን ሳይሆን ባለቤት ማጣታችን ነው።

ይኸውላችሁ፣ ጉና ተራራ ላይ በሐሳብ ወጥታችሁ ቁሙ። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ለመታዘብ ይመቻል። በምሥራቅ፣ ጋይንትን አቋርጣችሁ ወልድያ ትደርሳላችሁ። በምዕራብ፣ በወረታ በኩል ባሕር ዳር አለ። በሰሜን ምዕራብ ጎንደር ይገኛል። ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት የወረታ-ወልድያ መንገድ ደብረ ታቦርን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ሦስቱም ጎረቤቶቻችን ፕሪሚየር ሊግ ገብተው አይተውታል፤ እኛ ገና ነን። እንግዲህ ብልህ ሰው የቀደመውን መንገደኛ «ወንዙ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እስቲ እንጠይቃቸው።

ወልድያ፦ ስታዲየም ቀረ፣ ሊጉ ሄደ

ጥር 2009 ዓ.ም. ወልድያ ላይ በሼህ መሐመድ ሁሴን አልአሙዲ ስም የተሰየመው፣ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም ተመረቀ። ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ እንደፈሰሰበት ተነገረ። ሕዝቡ ደስ አለው፤ ደስ ሊለውም ይገባል። ቡድኑም ያኔ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ነበር። ከዚያስ? ጥቅምት 2010 ባለሀብቱ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ታሰሩ፤ የተፈቱት ጥር 2011 ነው። በዚያው በ2010 ኅዳር ወር ወልድያና መቐለ ሊጫወቱ በነበረበት ዕለት ከተማዋ በሁከት ታመሰች፤ ጨዋታውም ቀረ። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ወልድያ ከሊጉ ወረደ።

አንዱ የሌላው ውጤት ነው አላልሁም። እኔ የምለው ይኼን ነው፦ አንድ ሰው ስታዲየም ሊሰጥህ ይችላል፤ ቡድን ግን አይሰጥህም። ቡድን በየወሩ ደመወዝ፣ በየሳምንቱ ጉዞ፣ በየዓመቱ ታዳጊ ይፈልጋል። ወልድያ ያማረ ቤት ተሠራላት፤ ቤቱን የሚያሞቀው እሳት ግን ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ አልነበረም።

ጎንደር፦ ዋንጫ ያለ ሜዳ

ጎንደር ሁለት ቡድን ነበራት። አንደኛው የቢራ ፋብሪካው ዳሽን ነው። በ2008 ከሊጉ ወረደ፤ ባለቤቱም ዋጋ አያወጣም ብሎ ይሁን ሌላ፣ አፈረሰው። በቃ! ደጋፊው ተጠየቀ? ኧረ ማን ሊጠይቀው! የፋብሪካ ንብረት ነዋ! ጠርሙስ ሲሰበር ሕዝብ ይማከራል እንዴ?

ሁለተኛው በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተው ፋሲል ከነማ ነው። ዳሽን በወረደበት በዚያው ዓመት አደገ። በ2011 የሊጉን ዋንጫ በመጨረሻው ቀን በመቐለ 70 እንደርታ ተነጠቀ። በ2013፣ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት፣ እነ ያሬድ ባየህ፣ እነ ሱራፌል ዳኛቸውና እነ ሽመክት ጉግሳ ይዘው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። ታዲያ ትንሽ ከተማ አትችልም ያላችሁ የት ገባችሁ?

ግን ስሙኝማ፦ በዚያ በሻምፒዮንነቱ ዓመት ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተደረገም! በኮሮና ምክንያት ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ይካሄድ ተባለ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ኮሮናው ሄደ፤ አሠራሩ ግን ቤተኛ ሆኖ ቀረ። ምክንያቱም በ2013 ሱፐር ስፖርት የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ጣቢያ በ5 ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ውል ይዞ መጥቷል፤ ካሜራው ደግሞ ዘጠኝ ከተማ አይዞርም። ስለዚህ ካሜራው ወደ ኳሱ መሄዱ ቀርቶ ኳሱ ወደ ካሜራው ሄደ። የጎንደር ልጅ የገዛ ቡድኑን ለማየት ዲሽ ካለበት ቤት ገንዘብ ከፍሎ ይገባል። አባቶች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለዚህ ነው፤ የኛዋስ ላም ቃል በቃል በሳተላይት ነው የምትታለበው።

ባሕር ዳር፦ ስታዲየሙን ማን ይጨርሰው?

ባሕር ዳር ከነማ በ2010 አደገ፤ በ2015 ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ይበል የሚያሰኝ ነው። ስታዲየሙ ግን ዓመታት ተቆጥረውም ጎደሎ ነው። በ2014 መጀመሪያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን «ደረጃውን አያሟላም» ብሎ ለዓለም አቀፍ ጨዋታ አገደው። ያንን ተከትሎ ዋልያዎቹ ጋናን «በሜዳቸው» ያስተናገዱት የት መሰላችሁ? ጆሃንስበርግ! መቶ ሚሊዮን ሕዝብ ያለው አገር እንግዳ የሚቀበልበት ሜዳ አጥቶ የጎረቤት ግቢ ተከራየ። ይህን ያህል ከተዋረድን በኋላ «ትንሽ ከተማ» ብሎ በደብረ ታቦር ላይ መሣቅ ነውር አይደለም?

የበሽታው ስም

ሦስቱን አየናቸው። በሽታቸው አንድ ነው፦ የቡድኑ ስም የሕዝብ ነው፤ ቡድኑ ግን የሕዝብ አይደለም። «ከነማ» ወይም «ከተማ» የሚል ስም የለጠፈ ቡድን ሁሉ የሚኖረው ከከተማ አስተዳደር ካዝና ነው። ካዝናው ደግሞ ከሊስትሮው እስከ ነጋዴው ከሁላችን ኪስ የተሞላ ነው። ገንዘቡ የኛ፣ ውሳኔው የከንቲባው። ከንቲባ ሲቀየር የቡድኑ ቦርድ ይቀየራል፣ ቦርዱ ሲቀየር አሠልጣኙ ይባረራል፣ አሠልጣኙ ሲባረር ተጫዋቹ ሻንጣውን ያነሣል። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ ብሎ የሚጠይቅ ደጋፊ ግን «ፖለቲከኛ» ይባላል።

ነሐሴ 2011 ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ብለው ወሰኑ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ጣሪያ ያለ ግድግዳ ይቆማል? ሒሳቡ ለሕዝብ በማይታይ ቡድን ውስጥ በፊርማ የሚከፈለውንና በጠረጴዛ ሥር የሚተላለፈውን ማን ይለያል? ደመወዛችን ዘገየ የሚለው የተጫዋቾች አቤቱታም ያው ቀጥሏል። ብሩ የለም እንዳይባል ብሩ አለ፤ አለ እንዳይባል ለተጫዋቹ አልደረሰውም።

ጅማ አባ ጅፋርን አስታውሱ። በ2010፣ ከታች ባደገበት በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ግብ አዳኙ ናይጄሪያዊ ኦኪኪ አፎላቢ ወዲያው ወደ ግብፅ ሄደ። በ2014 ጅማ ወረደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!

አንድ ልጨምር። በ2016 ሊግ ሦስት ቡድኖች አዲስ ገብተው ነበር፤ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔና የዱራሜው ሃምበሪቾ። ዓመቱ ሲያልቅ ንግድ ባንክ ዋንጫ አነሣ፤ ሻሸመኔና ሃምበሪቾ ወደመጡበት ወረዱ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዋንጫው ወደ መድን ሄደ። አንዱ የመንግሥት ባንክ፣ ሌላው የመንግሥት ኢንሹራንስ። እንግዲህ ውድድሩ በከተማና በከተማ መሐል ነው ወይስ በዱራሜ ማዘጋጃ ቤትና በአገሪቱ ትልቁ ባንክ መሐል? ዳኛው ፊሽካውን ሳይነፋ ያለቀ ጨዋታ ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው?

«በየትም አገር ሀብታም ያሸንፋል» የሚሉኝ አሉ። እንዲያውም የሀብታሞች ሀብታም የሆነችው አሜሪካ ይህን አልፈቀደችም። በቅርጫት ኳሳቸው ባለፈው የውድድር ዘመን የተዳከመ ቡድን ከአዳዲስ ወጣቶች ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ይሰጠዋል፤ የደመወዝ ጣሪያም አለ። በ2025 እ.ኤ.አ. ሻምፒዮን የሆነው ኒውዮርክ ወይም ሎስ አንጀለስ አይደለም፤ ኦክላሆማ ሲቲ ነው፣ ከትንንሾቹ ከተሞች አንዱ። ግን ያው ቡድን እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ የሲያትል ነበር፤ ባለሀብት ገዝቶ ጠቅልሎ ወሰደው። ሲያትሎች ከ40 ዓመት ፍቅር በኋላ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የኛ ዳሽን ወንድም ማለት ነው።

ይህ የማይደርስበት ቡድን አንድ ነው። ግሪን ቤይ የምትባል 100 ሺህ ያህል ሰው ያላት ከተማ በአሜሪካን ፉትቦል ፓከርስ የሚባል ቡድን አላት። ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝቡ አክሲዮን ገዝቶ የያዘው ነው፤ ዛሬ ባለአክሲዮኖቹ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ትርፍ አይከፈላቸውም፤ አንድ ቱጃርም ጠቅልሎ ሊገዛው አይችልም። የቴሌቪዥን ገቢው ደግሞ ለሊጉ ቡድኖች ሁሉ እኩል ይከፋፈላል። እነሱ ሀብታም አገር ናቸው፣ እውነት ነው። ብልሃቱ ግን የብር አይደለም፤ የዕድር ነው። ዕድርን ደግሞ አሜሪካ ሄደን አንማርም!

ታዲያ ደብረ ታቦርስ?

በ1999ኙ ቆጠራ ከ55 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት፤ ዛሬ የዞን ከተማና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። እስቲ እናስላ። 10 ሺህ ሰው በወር 50 ብር ቢያዋጣ፣ በዓመት 6 ሚሊዮን ብር ነው። 25 ተጫዋች በዚያ በ50 ሺህ ብር ጣሪያ ለመቅጠር ግን 15 ሚሊዮን ያስፈልጋል። ስለዚህ መዋጮው ኮከብ አይገዛም፤ እንዳይገዛም ነው የምፈልገው! በ6 ሚሊዮን ግን ሜዳ ይደለደላል፣ አሠልጣኝ ይቀጠራል፣ ከጋሳይ፣ ከክምር ድንጋይ፣ ከእስቴና ከነፋስ መውጫ ልጆች ተመርጠው ይሠለጥናሉ። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ አየር የሚሮጥ ልጅ ሳንባው ከመወለዱ የተሠራ ነው፤ የጎደለው ኳስ፣ ጫማና «አይዞህ» የሚለው ሰው ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማችን ጥግ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ ተሠርቶ የተጠናቀቀ መድፍ ሸመታ አልሄዱም። ሠሪ ፈልገው፣ የአገሩ ሰው እያየ፣ እዚያው ማቅለጫው ላይ አሠሩት። እኛ ግን በየክረምቱ የአንድ ዓመት ውል የፈረመ ተጫዋች ሸምተን በየበጋው እንሸኛለን።

«በዚህ በጦርነት ዘመን ስለ ኳስ ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ይገባኛል። ነሐሴ 2013 ደብረ ታቦር ላይ መድፍ ወድቆ ሰው ሞቷል፤ በ2015 ክረምት የጀመረው ውጊያ ደግሞ የክልላችንን ትምህርት ቤትና መንገድ ምን እንዳደረገው ሁላችን እናውቃለን። ኳስ ዳቦን አይተካም፣ ሰላምንም አያመጣም። ግን አንድ ከተማ ወጣቷን ለቀብርና ለስብሰባ ብቻ የምትጠራ ከሆነ ምን ቀራት? ልጁ ሌላ የሚሰለፍበት ቦታ ከሌለው የት እንደሚሰለፍ ታውቁታላችሁ። ሰላም እስኪመጣ እንጠብቅ የምትሉ፣ ሰላሙ ሲመጣ ማን ይጫወታል?

የምንጠይቀው

አንደኛ፣ የከተማ ቡድኖች ሒሳብ በየዓመቱ ተመርምሮ እንደ ዕድር ሒሳብ ለሕዝብ ይነበብ። ገንዘባችን ነው!

ሁለተኛ፣ ደጋፊው በአባልነት ተመዝግቦ ቦርዱን ይምረጥ። ከንቲባው እንደማንኛችን 50 ብሩን ከፍሎ አንድ ድምፅ ይስጥ።

ሦስተኛ፣ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ጨዋታን ወደየከተማው ይመልስ። ጸጥታ በማይፈቅድበት ቦታ ምክንያቱን ሕዝብ ይረዳል፤ ካሜራው አልመቸውም የሚለውን ግን አንቀበልም።

አራተኛ፣ የቴሌቪዥን ገንዘብ ለሚሠለጥን ታዳጊ እንጂ ለሚሸመት ፊርማ አይዋል።

ይህ ሁሉ ሊሆን የማይችል ሕልም ነው የሚለኝ ካለ በነሐሴ 13 ደብረ ታቦር ይምጣ። የቡሄ ልጆች ጅራፋቸውን ይዘው በየደጁ ሲዞሩ፣ ደሃው ቤት እንኳ ሙልሙል ሳይሰጥ አይሸኛቸውም። ይህ ሕዝብ መስጠት አያንሰውም። የሰጠው የት እንደገባ የሚነግረው ነው ያጣው።

ልቦናውን ይስጠን!