እንግዳ ለማሳደር ጎረቤት አይባረርም

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

መስቀል እየደረሰ ነው። የአዲስ አበባውም የውጭ አገሩም ልጆቻችን ወደ ቡታጅራ ይገባሉ፤ ለአረፋም እንዲሁ። ደስታችን ነው። እናቶች ዓመቱን ሙሉ የቅቤ ዕቁብ የሚጥሉት፣ አባቶች ለሰንጋ የሚያዋጡት ለዚሁ ነው። በዚህ የሚከፋ ሰው በሰፈራችን የለም።

የከፋን ሌላ ነገር ነው። አሁን ከአገሬው ልጅ ጋር ጎብኚውም ይመጣል። የጢያ ትክል ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1980፣ የመስቀል በዓል ደግሞ በ2013 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ ማየት የሚፈልገው ብዙ ነው። ፔንሲዮኑ ይሞላል። ይኼኔ አንዳንድ ባለቤቶቻችን ነሐሴ ላይ ተከራዩን «ልቀቅልኝ» ይሉታል። ፍራሽ ይዘረጋል፣ መጋረጃ ይቀየራል፣ ክፍሉ በአዳር ይከራያል፤ የወሩ ኪራይ በጥቂት ሌሊት ይለቀማል።

የሚወጣው ማነው? መምህሩ ነው፤ ልጆቿን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ የተሰለፈችው እናት ናት። አምና አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ልጇን አዝላ፣ ዕቃዋን በጋሪ ጭና፣ በዚያ ዝናብ ቤት ስትፈልግ ያላየ ማን አለ? ምጣዷም መንገድ ላይ ተሰበረባት። ታዲያ ያ የመጣው እንግዳ የሚበላውን እንጀራ ማን ሊጋግርለት ነው?

«ቤቱ የራሴ ነው፤ ቱሪዝም ደግሞ ልማት ነው» የሚሉን አሉ። ቤቱስ የራስዎ ነው። ግን ልማት ማለት የአንዱ ኪስ ሲሞላ የሌላው ቤት መፍረስ ከሆነ እኛ አልገባንም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። በየትኞቹ የክልል ከተሞች እንደሚሠራ መወሰን የክልሉ ድርሻ ነው፤ እኛ ግን አዋጁ በራችን እስኪያንኳኳ ጎረቤት ማባረር አለብን እንዴ? ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በስፔን አገር የባርሴሎና ከንቲባ በ2024 እ.ኤ.አ. ለጎብኚ የሚከራዩ ከ10,000 በላይ መኖሪያ ቤቶችን ፈቃድ እስከ 2028 እናስቀራለን ያሉት ነዋሪው ቤት አጥቶ ስለጮኸ ነው።

በመሆኑም ባለቤቶች እስከ ጥቅምት ድረስ ተከራይ እንዳታስወጡ አጥብቀን እናሳስባለን። ትርፍ ክፍል ያላችሁ አከራዩ፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ ለማኅበሩ ካስመዘገባችሁ እንግዳውን እኛው እንልክላችኋለን። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ልጆቻችንም እናታችሁ መደብ አንጥፋ እየጠበቀች ፔንሲዮን የምትፈልጉት ለምንድነው? (ይህን ስንጽፍ የሚስቅ እንዳለ እናውቃለን።)

«ልቀቅ» የተባለ ተከራይ ካለ ዛሬውኑ ለጸሐፊው ይንገር። የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከማኅበሩ ግቢ ባለቤቶችና ተከራዮች አብረን እንነጋገራለን። ባለቤቶች አትቅሩ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት