«ተዝናንቶ መጣ» ለምትሉት

ማክሰኞ ዕለት ስታፍ ሩም ቁጭ ብለን ፈተና እያረምን፣ የአንድ የቀድሞ ተማሪያችን ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ቤዝ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ አሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ቆሟል። አንዱ ባልደረባዬ «ታድሎ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ተዝናንቶ መጣ» አለ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ጅል ነው እንጂ! አንዴ ከገባ ወዲያ ምን ሊሠራ ተመለሰ?» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም በይሉኝታ ፈገግ አልኩ። ያቺ ፈገግታ ናት ስትከነክነኝ ሰንብታ ይህን ያስጻፈችኝ። ረዘም ይላል፣ ክፍል ውስጥ እንደምትታገሱኝ ታገሱኝ።

ልጁ ስሜን አትጥቀስ ብሎኛል። የደሴ ልጅ ነው፤ 10ኛ ክፍል ሲቪክስ አስተምሬዋለሁ። ዴስኩን በጣቱ እየመታ ያስቸግረኝ ነበር። «ጣትህን ሰብስብ!» ያልኩትን ብዛት እሱና እኔ ነን የምናውቀው። ዛሬ በዚያው ጣት እናቱንና ሁለት እህቶቹን ያስተዳድራል። የማንም ባንድ ቋሚ አባል አይደለም፣ ደሞዝ የለውም። የጠራው ጋ ሄዶ በሾው ሒሳብ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው። እኔ በዲፕሎማዬ የማገኛት ደሞዝ ከወር ወር ባታደርስም ወሩ ሲያልቅ ትገባለች። መምህርን የሚያስቀና ሰው አለ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ አለ፤ ሙዚቀኛ ነው።

አሁን «መዝናናቱን» ልንገራችሁ።

ለፋሲካ ሰሞን አምስት ከተማ ላይ ሾው አለ ተባለ፤ ዋሽንግተን፣ አትላንታ፣ ዳላስ፣ ዴንቨርና ሲያትል። በሾው 500 ዶላር። ውሉስ? ውሉ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነው። «ወንድሜ፣ እኔና አንተ መሃል ወረቀት ምን ያደርጋል» ይላል ፕሮሞተሩ። አሰምቶኛል። ድምፁ እንዴት እንደሚያባብል! የቪዛ ማመልከቻ 205 ዶላሩን ልጁ ከኪሱ ከፈለ፣ «ስትመጣ እተካልሃለሁ» ተብሎ። ቪዛው ቢከለከልም የማይመለስ ገንዘብ ነው።

ይሄ ብቻ አይደለም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የያዛቸውን አራት ሠርጎች ለሌላ ቤዚስት ለቀቀ። የሠርግ ወቅት ለሙዚቀኛ ምን እንደሆነ ብዙ ሰው የሚያውቅ አይመስለኝም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በነዚያ ቀናት ሠርግ የለም፣ የምሽት ቤቱም ቀዝቅዞ ይከርማል፣ እኛ ከተማ ደግሞ ረመዳንም አለ። በጥር ያገኛትን ቆጥቦ፣ ሲያልቅበት ተበድሮ ነው ሚያዝያና ግንቦት ላይ የሚደርሰው። ገበሬ አዝመራውን ትቶ አይሄድም፤ ይሄ ልጅ አዝመራውን ትቶ ነው የሄደው።

ዋሽንግተን ገባ። ፖስተሩ በሩ ማታ 3 ሰዓት ይከፈታል ይላል። ሕዝባችን ደግሞ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ዝር አይልም (ይሄ ጠባያችን ውቅያኖስ ቢሻገርም አልለቀቀንም)። ባንዱ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ሳውንድ ቼክ ብሎ ቆሟል። የመጀመሪያው ዘፈን የተጀመረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል፣ ያለቀው 9 ሰዓት። ሦስት ድምፃውያን ተፈራርቀዋል። ልብ በሉ፣ ድምፃዊ ይቀየራል፣ ቤዝ የሚመታው ግን አይቀየርም። ለአንዱ ድምፃዊ ግንባሩ ላይ ብር ሲለጠፍለት እሱ ከኋላ ሆኖ ጣቱ እየተላጠ ይመታል። ሲጨርሱ የራሳቸውን ዕቃ ራሳቸው ጠቅልለው፣ ስድስት ሰው በአንድ ሚኒቫን ውስጥ ከድራምና ከአምፕሊፋየር ጋር ተጣብቀው ወደ አትላንታ፤ ከአሥር ሰዓት በላይ መንገድ። ከአትላንታ ዳላስ ደግሞ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ። ሆቴል የተባለው የሰው ሳሎን ምንጣፍ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቀን ከእንጀራ ጋር የተገናኘው ሾው በተደረገበት ሬስቶራንት ኩሽና ውስጥ ቆሞ ነው።

ዴንቨርና ሲያትል «ትኬት አልተሸጠም» ተብለው ቀሩ። ለተጫወታቸው ሦስት ሾዎች 1,500 ዶላር ይገባው ነበር፤ የተሰጠው 700። የመመለሻ ትኬቱን ቀን ያስቀየረውም ከዚያችው ላይ ከፍሎ ነው። ቀሪው «በሰው እልክልሃለሁ» ተባለ። ይኸው ሁለተኛ ወሩ። ያ የሚያባብል ድምፅም ጠፍቷል።

ይህን ስነግረው አንድ ጓደኛዬ «እዚያው ያበሻ ቤት ገብቶ እየተጫወተ አያካክስም ነበር?» አለኝ። አይችልም። የራሳቸውን ባህል ሥራ ይዘው ለሚሄዱ አርቲስቶች የሚሰጠው ፒ-3 የሚባለው ቪዛ ጠሪው ባመለከተበት ሥራ ላይ የታሰረ ነው። ጠሪህ ሳይከፍልህ ቢቀርና ሌላ ጋ ሄደህ ብትሠራ ሕግ የጣስከው አንተ ነህ። በሌላ በኩል ያው ሕግ ጠሪው ሥራውን ከጊዜው በፊት ቢያቋርጠው የመመለሻ መጓጓዣውን እንዲችል ያስገድደዋል። ልጁ ይህን የሰማው ከእኔ ነው፤ ደሴ ከተመለሰ በኋላ።

«ለምን ተመለሰ?» ለምትሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። በሌላ ቀን ኤምባሲ ለሙዚቀኞቻችን ቪዛ ከለከለ ብላችሁ የምትቆጡት እናንተው አይደላችሁም? አንድ ባንድ ሄዶ ግማሹ ሲቀር የሚቀጥለው ባንድ ወረፋ ላይ ምን ብለው እንደሚጠይቁት ታውቃላችሁ። በጦርነትና በአፈና ዘመን የቀረን ሰው አልወቅስም፣ እሱ ሌላ ነው። ግን ቃሉን ጠብቆ የተመለሰን ልጅ ጅል ማለት፣ ለሚቀጥለው ልጅ በሩን ከውስጥ መዝጋት ነው።

የቀሩትንም ቢሆን አጣፍጠን ነው የምናወራላቸው። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ሲዞር ከባንዱ ገሚሱ እዚያው ቀረ፣ ኃይሉ መርጊያ አንዱ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የጨፈረበትን ኪቦርድ የተጫወተ ሰው ዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 ብቻውን የቀረጸው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ወጣና ዓለም አገኘው፣ መድረክም ተመለሰ። ይህን ታሪክ «እንዴት ደስ ይላል፣ ትዕግሥት!» እያልን ሼር እናደርገዋለን። እኔን ደስ አይለኝም። የእሱን ጽናት አከብራለሁ፤ ግን በካሴቱና በድጋሚ ኅትመቱ መካከል 28 ዓመት አለ። ያን ሁሉ ጊዜ እኛ የት ነበርን? ያገኘው የውጭ ሰው ነው።

ወደ «ወንድሜ» ልመለስ። በሙዚቃው ሥራ ውስጥ ከ«ወንድሜ» የበለጠ ውድ ቃል አላየሁም። ለአዳራሹ ባለቤት «ወንድሜ» አይሰራም፤ ቀብድ ይበላል። ለሳውንድ ሲስተም አከራይ አይሰራም። ለአየር መንገድማ ሞክሩት! በዚያ ሌሊት ወንድም ሆኖ የሚቀርበት ጊታር የያዘው ብቻ ነው። ውል ቢጠይቅ «አላመነኝም፣ ገና ሳይታወቅ ጠገበ» ይባልና በሚቀጥለው አይጠራም። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝምታውን ጨዋነት እንለዋለን።

ሕጉ የለም ማለት አይደለም። እኛ ሀገር የቃል ውልም ውል ነው፤ ጭንቁ ማስረጃው ላይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ከደራሲው ሌላ ተጫዋቹንም ያውቀዋል፤ በ2007 በአዋጅ 872 ሲሻሻል ደግሞ ሮያሊቲ በጋራ የሚሰበሰብበት መንገድ ተከፍቷል። ግን ያ ልጅ ቤዝ የመታበት ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ስንቴ እንደታየ ይቆጠራል እንጂ ለእሱ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ቀን ከተከፈለው ሌላ ሳንቲም አልመጣለትም።

ድምፃውያኑንም አልምርም። ስማችሁ ፖስተር ላይ ነው፣ ቀብዳችሁን ሳትቀበሉ አውሮፕላን አትሳፈሩም። ከኋላችሁ የቆሙት መብላት አለመብላታቸውን አንድ ቀን ጠይቃችኋል? «ባንዱ ካልተከፈለው አልወጣም» የሚል አንድ ድምፃዊ ቢገኝ የዚያ ሌሊት ሒሳብ በአምስት ደቂቃ ይዘጋ ነበር። የሚሉ አሉ ተብያለሁ፤ እግዚአብሔር ያክብራቸው፣ ጥቂት ናቸው።

እኔስ? ለዚያ ልጅ መብትና ግዴታን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «የውልን ትርጉም ጻፉ» ብዬ ፈትኜዋለሁ፤ ሁለት ማርክ ነበረው፣ በትክክል መልሷል። አንድም ቀን ግን «ወንድምህ ቢሆንም አስፈርመው» ብዬ አላስተማርኩትም። ስለማፍር ይሁን ስለማይፈተን አላውቅም።

ትናንት ማታ ደወለልኝ። ለአዲስ ዓመት ዱባይ ሾው አለ ተብሏል፣ ጠሪው ሌላ ሰው ነው። «ቲቸር፣ ውል ጻፍልኝ» አለኝ። አንድ ገጽ ጻፍን፤ ግማሹ ክፍያ ከመነሳቱ በፊት፣ ቀሪው መድረክ ከመውጣቱ በፊት፣ ማደሪያው የት እንደሆነ፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ በእጁ እንዲሆን፣ ሾው ቢሰረዝ ስንት እንደሚከፈለው። ላከለት። ወዲያው መልስ መጣ፦ «ወንድሜ፣ አላመንከኝም ማለት ነው?»

«ምን ልበለው?» አለኝ። «አምኜሃለሁ፣ ፈርምልኝ በለው» አልኩት። መልእክቱ ታይቷል፣ መልስ ግን እስካሁን የለም። ከተማሪዎቼ መሃል ሕግ ያጠናችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ረቂቁን እልክላችኋለሁ። የጎደለው ነገር ካለ ልጁ ከመሄዱ በፊት ይሞላ።