ወር እያስከፈሉ ደግሞ የምን ሽያጭ?

ኢቭ ኦንላይን በሚባለው የጠፈር ጨዋታ ፓይለት የሚማረው በሰዓት ነው። ትልቅ የጦር መርከብ የመንዳት ችሎታን አምስተኛው እርከን ለማድረስ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፤ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥክም አልተቀመጥክም። እኔ የምማረውን በወረፋ ደርድሬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ሰፈራችን መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቆራረጥ፣ ለንደን ያለው ሰርቨር የእኔን ሰዓት መቁጠሩን አይተውም። ኦስሎ ተቀምጦ በፈጣን መስመር ለሚጫወተውም ሰዓቱ ያው ነው። መርከቦቹ ያምራሉ፣ ልቤን የወሰደው ግን ይኼ ነው።

ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈተው ሲሲፒ የተባለ የአይስላንድ ኩባንያ ነው። ወርሃዊ ክፍያው ለዓመታት 14.95 ዶላር ቆይቶ በ2022 ወደ 19.99 አደገ። በነጻም መጫወት ይቻላል፤ ሙሉውን የሚያገኘው ግን ከፋዩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከዋጋው በፊት የሚያስቸግረው መክፈያው ነው፤ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ከየት ይመጣል? እኔ የምከፍለው በፕሌክስ ነው። ፕሌክስን ኩባንያው በዶላር ይሸጣል፤ የገዛው ሰው ጨዋታው ውስጥ ባለው ገበያ ለሌላ ተጫዋች በኢስክ፣ ማለትም በጨዋታው ገንዘብ፣ ይሸጠዋል። 500 ፕሌክስ አንድ ወር ያጫውታል።

ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ሁለት ፈረቃ ስለሚሠራ ጠፈር ላይ ድንጋይ ሲፈልጥ የሚያመሽበት ጊዜ የለውም። በካርዱ ፕሌክስ ገዝቶ ገበያ ያወጣል፤ እንደ እኔ ያለው ደግሞ ማዕድን ሲቆፍር ባጠራቀመው ኢስክ ይገዛዋል። «አንተ ጊዜ አለህ፣ እኔ ዶላር አለኝ፤ ማን ተጎዳ?» ይለኛል።

ማንም አልተጎዳም። እሱ እጅ የገባው ኢስክ ቀድሞ ሌላ ሰው የለፋበት ነው። ስለዚህ «ገንዘብ ጨዋታው ውስጥ ድርሽ አይበል» ከሚሉት ጋር አልስማማም። እነሱ እንዳሉት ቢሆን እኔ ከደጅ ነበር የምቀረው።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የሚሸጠው ነገር የመጣው ከማን እጅ ነው? ዕቁብ ውስጥ አንዱ ለቸገረው ዕጣውን ቢሸጥለት ማንም አይከፋም። ሰብሳቢው ራሱ ተጨማሪ ዕጣ እየጻፈ ቢቸበችብ ግን ዕቁቡ እዚያው ይፈርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያው በሰዓት የሚጠራቀመው የችሎታ ነጥብ ከአንድ ፓይለት ተቀድቶ ወደ ሌላው የሚገባበትን መንገድ ከፈተ። መቅጃውን የሚሸጠው ራሱ ነው። በአንዴ የሚቀዳው 500,000 ነጥብ ነው፤ ከፋይ ተጫዋች ይህን ለማግኘት ከሳምንት በላይ ይጠብቃል። ከ5 ሚሊዮን በታች ነጥብ ያለው ጀማሪ ሲገዛው ሙሉውን ያገኛል፤ ከ80 ሚሊዮን በላይ ያለው ነባር 150,000 ብቻ ይደርሰዋል፣ የተረፈው ይተናል። አሠራሩ ብልህነት አለው፣ አልክድም። በ2003 የጀመረውን ሰው ዛሬ የገባ ልጅ በምንም ተአምር አይደርስበትም ነበርና። መብራት ጠፍቶም ሳይቀር እኩል ይሄድ የነበረው ሰዓት ግን ከዚያ ወዲህ ዋጋ ወጣለት። ቅር ቢለኝም ነጥቡ ከሰው እጅ እስከመጣ ድረስ ዝም ብዬ ነበር። በኋላ ግን ኩባንያው ለጀማሪዎች በሚሸጣቸው ጥቅሎች ውስጥ ማንም ያልተማረውን፣ እዚያው የተፈጠረ ነጥብ ይጨምር ጀመር። ይኼ የሰብሳቢው ዕጣ ነው።

ተጫዋቹ ይህ እንደሚመጣ ቀድሞ ጠርጥሯል። በጁን 2011 ኩባንያው ፓይለቱ በአንድ ዓይኑ ብቻ የሚያደርጋትን መነጽር ከ60 ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ለገበያ አወጣ። ወዲያው «ስግብግብነት መልካም ነው ወይ?» የሚል ሽፋን ያለው የውስጥ መጽሔቱ ሾልኮ ወጣ። ተጫዋቾች ጂታ በሚባለው የንግድ ማዕከል ተሰብስበው የማይፈርሰውን ሐውልት በጥይት ደበደቡ። በተጫዋቾች ድምፅ የተመረጠው ምክር ቤት በአስቸኳይ ሬይክያቪክ ተጠራ፤ ኩባንያውም ጨዋታውን የሚያዛባ ዕቃ በገንዘብ የመሸጥ ዕቅድ እንደሌለው አስታወቀ። መነጽሯ እኮ ጌጥ ናት፤ አድርጓት የመጣ ሰው ከእኔ መርከብ አንድ ጥይት አያስቀርም። ሰው የተቆጣው ከኋላዋ ለሚከተለው ነው።

ወርሃዊ ክፍያው ሲጨምር ግን ከብዙዎቹ ያነሰ ነው የተናደድኩት። በእኛ የምንዛሪ ተመን ዛሬ 20 ዶላር ከ2,000 ብር በላይ ነው፤ ይጎዳል። ነገር ግን በይፋ ተነገረ፣ ሁሉም ላይ እኩል አረፈ፣ የማይፈልግ ሄደ። አገልግሎቱ ከወጪው በታች እየተሸጠ ከሆነ ወርሃዊውን ጨምሩ፤ ጌጥም የፈለጋችሁትን ያህል ሽጡ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ለአንድ ሶፍትዌር ሠሪ የግማሽ ቀን ሥራ ይመስለኛል። በመደብሩ ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን ከተጫዋች የመጣ ነው ወይስ ኩባንያው የፈጠረው የሚል ምልክት ይቀመጥ። የአክስቴ ልጅ «እሱን ካዩ ማን ይገዛል?» ብሎ ሳቀብኝ።