«የት ደረሰው?»

እኛ ሰፈር የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ቡና ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጅሽ የት ደረሰው?» ጎንደር የደረሰው ልጅ እናት ጮክ ብላ ትመልሳለች። ሰመራ የደረሰው ልጅ እናትም ሙቀቱን እያማረረች፣ ግን ጮክ ብላ ነው የምትመልሰው። በ2017 ዓ.ም. መባቻ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጥያቄው እህቴ ዘንድ ሲደርስ ረከቦቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና «የእኔማ እዚሁ ነው» ብላ ሁለተኛውን መቅዳት ጀመረች። ጎረቤቷ «እዚሁ» የሚባል ዩኒቨርሲቲ እንደሌለ ታውቃለች። ደግ ሴት ናትና ወሬውን ወደ ሽንኩርት ዋጋ አዞረችው።

«እዚሁ» ማለት ሳሪስ አካባቢ ያለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። የእህቴ ልጅ የመኪና ጥገና ይሠለጥናል። በሁለት ታክሲ ይደርሳል፤ እንግዲህ መድረስ ከሆነ ይኸውም መድረስ ነው።

የሚገርመኝ ይህ ሐፍረት የሚኖርበት ሰፈር ነው። በክፍለ ከተማችን መጠሪያ ውስጥ ያለው ንፋስ ስልክ የሚለው ስም የመጣው ያለ ሽቦ በንፋስ ይሄዳል ከተባለው ስልክ እንደሆነ ይነገራል። በከተማ ባቡሩ ከስታዲየም ወደ ቃሊቲ ስትወርዱ ላንቻ ላይ ትቆማላችሁ፤ የጣሊያን መኪና ስም ነው። አደይ አበባ ላይ ትቆማላችሁ፤ የክር ፋብሪካ ስም ነው። ቀለም ፋብሪካውም ጎማ ፋብሪካውም እዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። ፌርማታዎቹ ሳይቀሩ በማሽን የተጠሩበት አካባቢ ውስጥ ቆመን ቱታ የለበሰ ልጅ ሲያልፍ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

ነገሩ የቆየ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሁሉ የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ የሙያ ትምህርት ቤቱ ተግባረ ዕድ ተከፈተ። ስድቡ በእርግጥ ቀንሷል። «እዚሁ ነው» ብሎ መቅዳትን ግን አዋጅም አይከለክለው።

እኔ ራሴ የ10ኛ ክፍል ፈተና ትውልድ ነኝ። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው 10ኛ ላይ ነበር፤ ነጥብ የመጣለት ፕሪፓራቶሪ፣ ያልመጣለት ቴክኒክ፣ 10+1፣ 10+2፣ 10+3 እየተባለ። አብሮኝ ይማር የነበረ አንድ ልጅ ቴክኒክ ሲመደብ ቤቱ ድረስ ሄደን እናቱን «እግዜር ያጽናሽ» በሚያሰኝ ድምፅ አጽናንተናል። ዛሬ የበርና መስኮት ሥራ ቤት አለው። የግቢዬን በር የሠራው እሱ ነው፤ ቅናሽ አላደረገልኝም፣ የዚያን ቀን ድምፃችንን ሳያስታውሰው አልቀረም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቀርቷል። መለያያው ግን ሁለት ክፍል ከፍ አለ እንጂ አመሉን አልለወጠም።

እንዲያውም ባሰበት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ አገር ደነገጠ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ሆነ፤ ድንጋጤውም ተለመደ። የእህቴ ልጅ በተፈተነበት በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በሚቀጥለው ዓመት 8.4 በመቶ። ፈተናው ጠበቀ ብዬ ትምህርት ሚኒስቴርን አልወቅስም፤ ኩረጃ እንደ መብት የተቆጠረበትን ጊዜ አይቻለሁና። ግን ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ የሚሆነውን ሁሉ «ወደቀ» ካልነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በደስታ እንዲሄድበት እንዴት እንጠብቃለን? የእህቴ ልጅ ሪሜዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ዕድልም አልደረሰውም። ለሁለት ሳምንት ስልኩን አጥፍቶ ተኛ። ከዚያ እናቱ ቀስቅሳ ለምዝገባ ላከችው፤ እኔን ጨምራ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ከየአቅጣጫው የመጡ፣ ክላሰር ያቀፉ፣ አብዛኞቹ ከቤተሰብ ጋር የመጡ ልጆች ናቸው፤ ወሬ የለም፣ ለቅሶ ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው። የእኛ ተራ ደረሰና መዝጋቢዋ ቀና ብላ «ምን ትመርጣለህ?» አለችው። ዞሮ እኔን አየኝ። ይህ ልጅ 12 ዓመት ሙሉ ከሀ እስከ መ ሲመርጥ ኖሯል። ምን መሥራት እንደሚወድ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም፣ እኔም ጭምር። ከፊቱ የነበረው ልጅ «አውቶ» ብሎ ነበርና እሱም «አውቶ» አለ። አለቀ። የአንድ ሰው ሙያ በሰልፍ ቅደም ተከተል ተወሰነ።

ደግነቱ ኮሌጁ ራሱ ከፈራነው የተሻለ ሆነ። እዚያ ከመቶ ስንት አመጣህ የሚባል ነገር ብዙም የለም፤ ሥራውን ሠርተህ ታሳያለህ፣ ወይ «ብቁ» ትባላለህ ወይ «ገና ብቁ ያልሆነ»። ያቺን «ገና» ወደድኳት። 12ኛ ክፍል ላይ «ገና» የሚል ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ደግሞ ሁሉም የሚፈራው ሲኦሲ አለ፤ የአሠልጣኙ እጅ የሌለበት፣ ከውጭ የሚመጣ የብቃት ምዘና። እሱን ያላለፈ የያዘው ወረቀት ብዙ አያራምደውም።

ነገሩ የተበላሸው የትብብር ሥልጠና ሲወጣ ነው። የትብብር ሥልጠና የሚባለው ሠልጣኙ ከኮሌጁ ወጥቶ እውነተኛ ሥራ ቦታ የሚማርበት ጊዜ ነው፤ ልጆቹ «አፓረንት» ይሉታል። አንድ ጋራዥ ተመደበ፤ ስሙ ይቅር። በመጀመሪያው ቀን ማታ ደወለልኝ።

«አጎቴ፣ ካቻቢቴ ምንድን ነው?»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ መፍቻ እንደሆነ ነገርኩት፤ ብሎን መፍቻው። ኮሌጅ ውስጥ በሞጁሉ ላይ «ስክሩድራይቨር» ነው ተብሎ ተምሯል። ጋራዡ ውስጥ ግን ከጣሊያን ወረራ የተረፈው ቋንቋ ነው የሚነገረው፤ ስፓርክ ፕላግ ካንዴላ ነው፣ ክላች ፍሪሲዮን ነው፣ ቤሪንግ ኩሽኔታ ነው። መካኒኩ ከመኪና ሥር ሆኖ እጁን ዘርግቶ «ካቻቢቴ!» ሲል ልጁ ቆሞ ቀረ። «12 ዓመት ምን ስትማር ነበር?» ተብሎ ጋራዡ ሁሉ ሳቀ። ስምንተኛ ክፍል ሳይጨርስ ጋራዥ የገባው የአሥራ ስድስት ዓመት ረዳት ሮጦ አቀበለው። በዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቀው እሱ ነው፤ የእኛው ተማሪ እንግዳ።

እውነቱን ለመናገር መካኒኮቹን ሙሉ በሙሉ አልኮንናቸውም። ደንበኛ መኪናውን ለማታ ይፈልጋል፣ የሚያስተምር ሰው ደግሞ ለማስተማሩ አይከፈለውም። ስለዚህ ልጁ በናፍጣ ዕቃ አጠበ፣ ሻይ አመላለሰ፣ ሲጋራ ገዛ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን ጎማ ፈታ። በመጨረሻው ቀን ሎግ ቡኩን ሲሰጣቸው በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ፣ ሞተር ማውረዱም ካምቢዮ መፍታቱም ሁሉም ተሠርቷል ተብሎ ተፈረመለት። የታክሲውንና የምሳውን ወጪ እህቴ ነች የቻለችው።

ጀርመን አደባባይ ባለፍኩ ቁጥር ይህ ነገር ይመጣብኛል። በቴክኒክና ሙያችን ላይ ጀርመኖች ለዓመታት ረድተውናል፤ ትምህርት ቤትና ሥራ ቦታ ተጋግዘው ማሠልጠናቸውን ከእነሱ ነው በተለይ ያየነው። ግን እነሱ ዘንድ ሠልጣኙ ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈራረማል፣ ድርጅቱም በየወሩ ይከፍለዋል። ብር የሚከፍል ጌታ የከፈለበትን ልጅ ሲጋራ ሲያስገዛ አይውልም፤ ያሳዝነዋል፣ ልጁ ሳይሆን ብሩ። እኛ ሐሳቡን አምጥተን ክፍያውን እዚያው ተውነው። ጋራዡ እንዲከፍል ማስገደድ እንደማይቻል አውቃለሁ። ቢያንስ ግን ሠልጣኝ ተቀብሎ በደንብ ያስተማረ ባለ ሥራ ቤት የሆነ ነገር የሚቀነስለት፣ ያላስተማረ ደግሞ ሁለተኛ ሠልጣኝ የማይላክለት ቢሆን መንግሥትን ያን ያህል አያከስረውም።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን ያ ሰልፍ ነው። የእህቴ ልጅ ከኮሌጁ በታክሲ ሠላሳ ደቂቃ በማይርቅ ቦታ ተወልዶ አደገ። ለጉብኝት አንበሳ ግቢ ሄዷል፣ ሙዚየም ሄዷል። ብረት የሚበየድበት፣ ሞተር ተከፍቶ የሚታይበት ክፍል ግን የገባው ከወደቀ በኋላ ነው። ደስ እያለው መምረጥ የሚችልበት ዕድሜ ላይ በሩን ያሳየው አልነበረም፤ በሩን ያየው ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋበት ነው። ታዲያ ምን ብሎ ይውደደው?

ታናሽ እህቱ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት። ሳይንስ ትወዳለች፣ ነጥቧም ጥሩ ነው። የቤቱን ፍሪጅ የኋላውን ከፍታ ታያለች፤ እናቷ ትጮህባታለች። ባለፈው ሳምንት «ነይ አንድ ቦታ ላሳይሽ» ብዬ ይዣት ወደ ሳሪስ ሄድኩ። በር ላይ ጥበቃው አስቆመን።

«ለምዝገባ ነው? ጊዜው አልፏል።»

«አይደለም፣ ወንድሜ። ወርክሾፑን ላሳያት ነው።»

«ውጤት ሳይመጣላት ቀርቶ ነው?»

«ገና 10ኛ ናት።»

እሷንም እኔንም ተራ በተራ አየን። «ታዲያ ምኗ ተቸግሮ ነው?» አለ፤ ከዚያ ግን መታወቂያዬን ተቀብሎ በር ከፈተልን።